ከራጅ የተረፈው የአባባ ፎቶ

ይድረስ በሪዮ ግራንዴ ለሚገኘው ለውድ ወንድሜ ለባውዲሊዮ ቺጓይ፤

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? አሁንም ፋብሪካው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ነው የምትውለው ወይስ አለቃህ ራርቶ ወንበር ሰጠህ? ዙኒልዳ ደህና ናት? ያኒናን ሳሉ ለቀቃት? የኡሊሴስስ የፊት ጥርሱ በቀለለት? በእናንተ አገር በረዶው መንገድ ዘጋ ብሎ ሬዲዮኑ ሲያወራ እማማ የያዘችውን ሁሉ ጥላ «እነዚያ ልጆች ምን ለብሰው ይሆን?» እያለች ቤቱን ትዞረዋለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እርጥበቱ የእማማን ጉልበት ያማታል እንጂ ሌላው ደህና ነው። በሬዎቹም አዲሱን ሣር ለምደውታል። እኔ ደግሞ ከእንቅልፍ ጋር ከተጣላሁ ሰንብቻለሁ፤ ታምሜ ግን አይደለም፣ አታስብ።

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድኩት ብታይ ትስቅብኝ ነበር። እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ ምድጃው ውስጥ እንጨት እጨምራለሁ፣ መስኮቱ መዘጋቱን አያለሁ፣ ተመልሼ ስቀመጥ የጻፍኩት ያስጠላኛል። ቤቱ አዲሱ ቦታው ላይ ገና አልተደላደለም መሰለኝ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንቋቋል፤ እኔም አብሬው ብድግ እላለሁ። ከደብዳቤው ጋር በሁለት ካርቶን መካከል ያደረግኩት ነገር አለ። በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትከፍተው።

አባባን በቀበርን ሰሞን በስልክ ያልከኝ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። «ሽማግሌውን ከነቤቱ ባሕር አሻግራችሁ ገደላችሁት» ነበር ያልከው። መንገዱ ተዘግቶብህ ለቀብሩ አለመድረስህ አንገብግቦህ እንደተናገርከው አውቃለሁ። ከኋላዬ ስልኩን ለመደወል የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩና ምንም ሳልመልስልህ ዘጋሁት።

አንተ ያላየኸውን ቀን ልንገርህ። ኬኑይ ደሴት ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ጎረቤቱ አንድ በአንድ ነቅሎ ሄደ። በመጨረሻ ጀልባዋም መመላለሷን አቆመች። አባባን «ወደ ሊንኬ እንሻገር» ብዬ ብለምነው «ቤቱ ካልሄደ እኔም አልሄድም፤ አያትህ... አያትሽ የሠራውን ቤት ለአይጥ ትቼ?» አለኝ። አየህ፣ ሲናደድ እኔን ከአንተ ጋር ነው የሚያምታታኝ። እንግዲያው ቤቱም ይሂድ ተባለና እንደ ድሮው ደቦ ተጠራ። ወንዶቹ ቤቱን ከመሠረቱ አንስተው ግንድ ላይ አስቀመጡት፤ በሬዎቹ እስከ ባሕሩ ጎተቱት፤ ውኃው ሲሞላ ተንሳፈፈና በጀልባ ተጎተተ፤ እዚህ ዳርቻ ሲደርስ ደግሞ ሰውና በሬ ተጋግዞ በገመድ ወደ ላይ አወጣው። እማማ በዚህኛው ባሕር ዳር ለዚያ ሁሉ ሰው ሥጋና ድንች ታበስል ስለነበር አባባን ቀድማ ገመድ እንዳይነካ አስምላዋለች። ሐኪሙ ስለ ልቡ ያለውን ታውቃለህ። «ዛፍ ሥር ተቀምጬ የፖም ጠላዬን እየጠጣሁ አያለሁ» አላት። ማታም «ተቀምጬ ወገቤ ደነዘዘ» ብሎ አጉረመረመ፤ እኛም አመንነው።

እኔ በዚያ ቀን ካሜራዬን ይዤ ነበር የዋልኩት። ሰማዩ ጠቁሮ፣ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርድ ስለነበር ቀፎው ላይ 3200 የሚል ቁጥር ያለበትን ፈጣን ፊልም አጎረስኩት። ይህ ዓይነቱ ፊልም በጨለማ ያያል፤ ትንሿን ብርሃን እንደ ጠማው ሰው ይጠጣታል። ሦስት ጥቅል ጨረስኩ። በዚያው ሰሞን፣ የማሳው ድንች ተለቅሞ ሳያልቅ፣ አባባ ከተኛበት ሳይነሳ ቀረ። ፎቶ መነሳት እንዴት ይጠላ እንደነበር አንተው ታውቃለህ። መታወቂያው ላይ ካለችው፣ ፖሊስ ጣቢያ የገባ ሌባ ከሚመስልባት ፎቶ በቀር ምንም አልነበረንም። እማማ «በመቃብሩ ላይ ይህን ሰውዬ አታስቀምጡብኝ፤ ይህን ሰውዬ አላገባሁም» አለች። እንግዲህ አባባ ካለ ያለው እነዚያ ሦስት ጥቅሎች ውስጥ ብቻ ነበር፤ እዚያም መኖሩን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ሁሉም ሰው የዝናብ ካፖርት ለብሶ ቆቡን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ ነበርና።

ከተማ ያለው ፎቶ ቤት የሚያጥበው ባለቀለሙን ብቻ ነው። ባለቤቱ «ጥቁርና ነጭ? እሱን እንኳ ሳንቲያጎ ውሰጂው» አለኝ። በፖስታ እንዳልልከው፣ ጭነት የሚፈተሽበት ራጅ ከመንገደኛው የባሰ ኃይለኛ ነው ይባላል። ፈጣን ፊልም ደግሞ ብርሃንን እንደሚጠጣ ራጁንም ይጠጣል፤ ሲታጠብ አመድ የተነፋበት ይመስላል። ስለዚህ ጥቅሎቹን ከእማማ ቅቤ አጠገብ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጬ በየቀኑ እየሄድኩ ማየት ሆነ ሥራዬ። እማማ «ይፈለፈላሉ ብለሽ ነው?» ትለኝ ነበር።

በክረምቱ ዕረፍት የደሴቶቹ መምህራን ሳንቲያጎ ለሥልጠና ስንጠራ፣ የአውሮፕላን ቲኬቱም ሲቆረጥልን፣ እሰይ ብዬ ጥቅሎቹን አነሳሁ። አያ ሳቱርኒኖ ሌፒዮ፣ ያ የአባባ የነፍስ ጓደኛ፣ መንገድ ላይ አግኝቼው ስለ ራጁ ነግሬው ነበርና ሳይጠራ መጣ። ከቀብሩ ወዲህ እኛ ቤት እግሩ አልረገጠም ነበር፤ እንዲህ የራቀን ለምን እንደሆነ አልገባንም። የመረብ ማስጠሚያ እርሳሶቹን አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ክዳን ያላት ትንሽ ሣጥን ሠርቶልኝ ነው የመጣው። «እርሳስን ራጅ አይበሳውም ይባላል። ኤቫሪስቶን እዚህ ውስጥ አድርጊው» አለኝና የማቴ ቅጠል ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ሣጥኗ እንደ ብረት ድስት ትከብዳለች። በእጅ መያዝ እንጂ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ መግባት እንደሌለባት ግን አውቅ ነበርና በትከሻዬ ተሸከምኳት።

አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ ባለፈው ዓመት በሰሜን አውሮፕላኖች ተጠልፈው ሕንፃ ላይ ከወደቁ ወዲህ ፍተሻው ሌላ ሆኗል። ጠባቂውን «ልጄ፣ ይህ ፈጣን ፊልም ነው፣ ራጅ ያበላሸዋል፤ እባክህ በእጅህ ፈትሽልኝ» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ማሽኑ ፊልም አይጎዳም፣ ተጽፏል» ብሎ ግድግዳውን ጠቆመኝ። «የተጻፈው ለተራው ነው፤ ቁጥሩን እየው» ስለው ከኋላዬ አንድ ወፍራም ሰውዬ «እመቤት፣ የማንን ሠርግ ነው ያነሳሽው? እኛም እኮ የምንሳፈርበት አለን!» አለ። ሰልፉ ሳቀ። አብራኝ የነበረችው መምህርት ኖልፋ ፊቷ ቀልቶ «ሣጥኑ እርሳስ አይደል እንዴ? አሳልፊው በቃ፤ ሰው እያየን ነው» አለችኝ። አሳለፍኩት።

ወንድምዓለም፣ ሣጥኗ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች። ቀበቶው ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ወደ ፊት ሄደ፣ እንደገና ወደ ኋላ። ስክሪኑን የምታየው ልጅ «ኧረ ይኼ ምንድን ነው? ጥቁር ድንጋይ ነው የሚመስለው» ብላ ተጣራች። ከዚያ አንዲት አለቃና ጓንት ያደረገ ወጠምሻ መጡና ወደ ጠባብ ክፍል አስገቡኝ። አለቃዋ ሣጥኗን አስከፍታ «ፊልሙ ከዚህ ወጥቶ ለብቻው ይለፍ» አለች። ጥቅሎቹን አፈፍ አድርጌ ደረቴ ላይ ለጠፍኳቸው። ከአፌ ምን ወጣ መሰለህ? «አይሆንም፣ አባቴ ነው እዚህ ውስጥ ያለው!» አልኩ። ሁለቱ ተያዩ። ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አስከሬናቸው ተቃጥሎ ነው? አመዳቸው ነው?» አለችኝ።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። «አመድ አይደለም፣ ፎቶው ነው» ብዬ ሳስረዳት አንዱ ጥቅል ከእጄ ሾልኮ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ጓንት ያደረገው አነሳው። ስጠቀልል የፊልሙን ጫፍ ከቀፎው ትንሽ ብቅ አድርጌ መተው ልማዴ ነው፤ ያንን ጫፍ ይዞ ሳበው። ኡኡ ስል ክንድ ሙሉ መዝዞታል። ወደ መብራቱ አነሳና ግራጫውን ፊልም አገላብጦ እያየ «ኧረ ባዶ ነው፣ ምንም የለበትም» አለ። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ ገባት መሰለኝ ፊልሙን ከእጁ ነጥቃ ሰጠችኝ። መልሼ እስክጠቀልለው ጠበቀችኝ። «እህቴ፣ የኔ ሥልጣን እዚህ ድረስ ነው። ወይ በማሽኑ ወይ በአውቶቡስ» አለችኝ በመጨረሻ። ኖልፋን «ሆዷን አሟት ቀረች በያቸው» ብዬ ላክኋትና ወደ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ።

አገሩ እንዴት ረጅም እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጥቅሎቹን በጡቶቼ መካከል አድርጌ፣ የአውቶቡሱ ማሞቂያ ደግሞ እንዳያበስላቸው ብርዱ በሚገባበት መስኮት ተለጥፌ ተቀመጥኩ። ለየትኛው ጥቅል የቀኑ የትኛው ክፍል እንደደረሰው አላውቅም፤ በዝናቡ ውስጥ ምልክት አላደረግኩባቸውም ነበር። የተመዘዘው የጠዋቱ ይሆን? የበሬዎቹ? አባባ ቢኖርበትስ? አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እጄ ከደረቴ አልነሳ ሲል አይታ «ገንዘብ ነው ወይስ ልብሽን ያምሻል?» አለችኝ። «ሁለቱም» ብያት ፊቴን አዞርኩ።

ሳንቲያጎ የመምህራን ኮሌጅ ሳለሁ ፎቶ ያስተማሩኝ እትዬ ኤርሲሊያ አሁንም በዚያው ቤታቸው ናቸው፤ ጨለማ ክፍላቸውም ድሮ እንደነበረው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። እግሬን ሳላሳርፍ ሣጥኗን ሳሳያቸው ራሳቸውን ያዙ። «አንቺ ሞኝ! እርሳስ ማለት እኮ ‹ኑ ፈትሹኝ› ብሎ መጮህ ነው። የማያዩት ነገር ሲገጥማቸው ደጋግመው ያሳልፉታል፣ ይከፍቱታል። ፊልም በምታሳይ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ተደርጎ፣ ቁጥሩ ወደ ላይ ሆኖ፣ ሰልፉ ሳይበዛ በማለዳ ቀርበሽ ነው የምትለምኚው» አሉኝ። «አያ ሳቱርኒኖ በፍቅር ነው የሠራው» ብላቸው «ይሁን፣ ጉልበቱን ግን ለመረቡ ያድርገው በይው» አሉና ሳቁ። ከዚያ መብራቱን አጥፍተው ሥራ ጀመርን።

ሁለቱ ጥቅሎች ደህና ወጡ። ራጁ እርሳሱን አልፎ ትንሽ ነክቷቸው ይሁን አይሁን እኔ መለየት አልቻልኩም፤ በየፎቶው ላይ ስስ ጉም አለ፤ የእኛ ቀን ደግሞ ራሱ ጉም ነበር። በአንዱ ቤቱ ግንድ ላይ ተቀምጧል፣ በሌላው ገመዶቹ ከተፈቱ በኋላ ሰዉ ይበላል። ሦስተኛው ያ የተመዘዘው ነበር። ከቀፎው የወጣው ክንድ ሙሉ ጥቁር ከሰል ሆኖ ቀርቷል። ያ ማለት ወንድምዓለም፣ ቤታችን ባሕር ላይ ሲሄድ አንተም ልጆችህም በፎቶ አታዩትም። ስለዚህ እኔ ልንገርህ፦ በሩ ተዘግቶ፣ ጭስ ማውጫው ቀጥ ብሎ፣ ውኃው መስኮቶቹ ሥር ድረስ ደርሶ፣ ቤቱ እንደ ትልቅ እናት ዳክዬ ቀስ እያለ ሄደ። አንዴ ወደ ግራ ሲያጋድል ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። እማማ «ሳህኖቼ!» ብላ ጮኸች፤ ያን ያህል ሰው ባሕር ላይ እያለ እሷ የጮኸችው ለሳህኖቿ ነው። ከዚያ ተቃናና ጀልባዎቹ ሁሉ መለከታቸውን ነፉ። ይህን ይዘህ ኑር፤ የፎቶ ምስክር የለኝም።

ብርሃኑ የደረሰው ውጭ ላለው ለፊተኛው ክፍል ብቻ ነው። መጀመሪያ የተነሳው ከውጭ፣ መጨረሻ የተነሳው ከውስጥ ይጠቀለላልና የጥቅሉ መጨረሻ ቀፎው ውስጥ ተደብቆ ተርፏል። እሱም እዚህ ዳርቻ ሰዎቹ ገመዱን ሲጎትቱ ነው። እትዬ ኤርሲሊያ አንዱን በትልቁ አተሙና ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ እያለ ፊቶቹ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ አያ ሳቱርኒኖ ወጣ። ከፊቱ ያለው ሰው ቆቡ ወደ ኋላ ወድቋል፣ ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ተክሏል፣ አፉን እስከ መንጋጋው ከፍቶ ይጮኻል። አባባ ነበር።

እትዬ ኤርሲሊያ «ማን ናቸው?» ሲሉኝ ፊቱን ለማየት ወደ መድኃኒቱ ጎንበስ አልኩ። ካሜራው ውስጥ እያየሁ፣ በእጄ ተጭኜ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ አላወቅሁትም። ከዛፉ ሥር ተነስቶ፣ እማማ ወደ ድስቷ ዞር ስትል ቆቡን ደፍቶ ገመዱ ላይ ገብቷል።

ሥልጠናው እንዴት እንዳለፈ አትጠይቀኝ፤ ኖልፋ ማስታወሻዋን ሰጠችኝ። ስመለስ ሌላ ጭንቀት ይዤ ነው የተመለስኩት። ለእማማ ላሳያት ወይስ ልደብቃት? ካየች «ይኸው ልቡን የገደለው» ብላ ዳግመኛ ትቀብረው ይሆን እያልኩ መንገዱን ሙሉ ስገላበጥ መጣሁ። ቤት ገብቼ ሌሎቹን ፎቶዎች ብቻ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። እሷ ግን የምታልፈኝ ሰው አይደለችም። «ያንን ከቦርሳሽ የቀረውን አምጪው፤ ከገባሽ ጀምሮ አሥር ጊዜ ነካክተሽዋል» አለችኝ። አመጣሁት። መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ከዚያ «ዋሾ!» አለች። «አንተ ዋሾ! ወገቤ ደነዘዘ ብለኸኝ ጀርባህን ሳሽልህ አመሸሁ እኮ!» ከቀብሩ ወዲህ ድምፅዋ እንዲህ ከፍ ሲል አልሰማሁም። ያን ምሽት እየተቆጣችው ድንች ላጠች፣ እየተቆጣችው ሳህን አጠበች። አሁን ፎቶው ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል፤ አንዳንድ ቀን ንዴቷ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች፣ ራት ሲደርስ መልሳ ታዞረዋለች።

በማግስቱ ሻርፏን አጠለቀችና በዚያ ጉልበቷ አያ ሳቱርኒኖ ቤት ድረስ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። በሩ ላይ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ። «አንተ ከኋላው ነበርክ፤ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ኦርፌሊና፣ ‹ለሚስቴ ብትናገር ከዚህ ገመድ ጋር አስሬ ነው የምጥልህ› ብሎኝ ነበር። ከሞተ በኋላማ በየት አፌ ልንገርሽ? እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ነው የከረምኩት» አላት። እማማ ቁጭ በል አለችውና አጠገቡ ተቀመጠች። «እሱን አንተ ልታስቆመው? እኔ አርባ ዓመት ሞክሬያለሁ» አለችው። አሁን እንደ ድሮው ይመጣል።

ቀጥሎ ያለውን ልጻፍልህ ወይስ ልተወው እያልኩ ነው እስከ ዛሬ ወረቀት ስቀድድ የከረምኩት። ብደብቅህ ግን እኔም አያ ሳቱርኒኖን መሆኔ ነው፣ መደበቁ ደግሞ እሱን ምን እንዳደረገው አይቻለሁ። አያ ሳቱርኒኖ ያን ዕለት እንደነገረን፣ ገመዱ ላይ «ኤቫሪስቶ፣ ውጣ፣ ትሞታለህ» ሲለው አባባ ምን አለው መሰለህ? «ይህ የባውዲሊዮ ቦታ ነው። ልጄ እስኪመጣ እየያዝኩለት ነው» አለው። «ከፍቶት ነበር?» ብላ እማማ ጠየቀችው። «ኧረ ምን ከፍቶት! እየሳቀ ነበር። በሬዎቹን እየሰደበ፣ እኛን እየሰደበ፣ እንደዚያ ደስ ብሎት ከሠርጉ ቀን ወዲህ አላየሁትም» አለ። በወገብህ ላይ ሌላ ሸክም ልጭንብህ ብዬ አይደለም። ማን ገደለው ላልከው ያገኘሁት መልስ ይኸው ብቻ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ካገኘህ አንተ ጻፍልኝ።

አሁን ካርቶኑን ክፈተው። ኬላ ላይ በራጅ ቢያሳልፉትም አትስጋ፤ አንዴ የታጠበ ፎቶ ራጅም ብርሃንም አይነካውም። ከግራ ሁለተኛው ነው። አፉን ከፍቶ የሚጮኸው።

ለዙኒልዳ እቅፍ አድርገህ ሰላምታዬን ስጥልኝ፤ የላከችው ክር ለእማማ ሹራብ በቅቷል በላት። ያኒናን ስለ ሳሏ ትኩስ ወተት በማር እንድትጠጣ አያትሽ ብላለች በላት። ኡሊሴስን ጉንጮቹን ሳምልኝ፤ ሰውዬው ማን እንደሆነ ሲጠይቅህ ሳትቆጣ ንገረው። አያ ሳቱርኒኖም ሰላም ብሎሃል፤ ከዚያ በላይ መናገር አፍሮ ነው። እማማ ከጀርባዬ ቆማ «በጋ ላይ ልጆቹን ይዞ ይምጣ፤ የኋላው ግድግዳ ገና ድጋፍ ይፈልጋል፣ የሚሠራም የለም በይው» እያለች ነው፤ ይኸው ጻፍኩት።

የምትወድህ እህትህ
ኤደልሚራ ቺጓይ

ሊንኬ፣ ቺሎዌ
ኦገስት 11 ቀን 2002